የከንቲባ ሰመክ ለቅሶ

ልዑልቃል፦ አምፖሉን አብራው አልኩህ!

ቢሻው፦ አይሆንም ጋሼ፤ ይጮኻል።

ልዑልቃል፦ አምፖል ይጮኻል? ዶሮ ነው እንዴ?

ቢሻው፦ ለእኛ ጆሮ አይሰማም እንጂ ሬዲዮው ውስጥ ገብቶ ይንጫጫል። ለዚህ ብዬ ቆጣሪውንም አጥፍቼዋለሁ።

ልዑልቃል፦ ቆጣሪውን! አገር በሙሉ መብራት ሄደ ብሎ ያለቅሳል፣ አንተ የመጣውን መብራት በገዛ እጅህ ትሸኛለህ!

ቢሻው፦ መብራት ሲሄድማ ለእኔ ዓመት በዓል ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጭጭ ይላል። ባለፈው ደስ ብሎኝ «ተመስገን!» ብዬ ብጮህ እትዬ በዛወርቅ አጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ለካ አንተ ነህ የምታጠፋው!» አሉኝ። እስካሁን አኩርፈውኛል።

ልዑልቃል፦ ምን ያድርጉ! እኔም ባኮረፍኩ!

(ቦንጋ፣ ከገበያው ቁልቁል ባለው ሰፈር፣ የቢሻው በረንዳ ላይ ነን። ፀሐይ ልትገባ ጥቂት ቀርቷታል። ሁለት ዱካ፣ በመካከላቸው ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ቆዳው የተላጠ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ አሮጌ ሬዲዮ። ከሬዲዮው የወጣ ሽቦ ግቢውን አቋርጦ ጥግ ላይ የቆመውን ትልቅ ዛፍ ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ቢሻው ንብ አናቢ ነው፤ ቀፎ በሚሰቅልበት ገመድ ዛፉ ላይ ወጥቶ ሽቦውን የሰቀለው ራሱ ነው። ከማር ቀጥሎ የሚወደው ነገር ቢኖር ከሩቅ አገር የሚመጣ ደካማ የኤ ኤም ጣቢያ ማደን ነው። እንግዳው ልዑልቃል ይባላል። ዐረብ አገር ሦስት ዓመት ሠርቶ ተመልሶ ስልክ መሸጫ ከፍቷል፤ ሰፈሩም «ዐረቡ» ይለዋል። ሱቁ በር ላይ «ዐረብኛ በሁለት ወር» የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ ተማሪ ሲመዘግብ ሰንብቷል። ትምህርቱ ሰኞ ይጀመራል።)

ልዑልቃል፦ እሺ፣ ጨለማ ውስጥ አስቀመጥከኝ። አሁን አንድ ነገር አስረዳኝ። ይኼ የምታድነው ጣቢያ ትልቅ ጣቢያ ነው?

ቢሻው፦ ኧረ ትንሽዬ ነው! በጣም ደካማ። እዚያው አገሩ ላይ ከኮረብታው ወዲያ ያሉት ሰዎች እንኳ የሚሰሙት አይመስለኝም።

ልዑልቃል፦ ጎረቤቶቹ የማይሰሙትን አንተ ቦንጋ ተቀምጠህ ልትሰማው?

ቢሻው፦ ደስ የሚለውማ እሱ ነው!

ልዑልቃል፦ ትልልቆቹስ ጣቢያዎች?

ቢሻው፦ እነሱንማ ማንም ይሰማቸዋል። ምን ያደርጉልኛል?

ልዑልቃል፦ ቆይ፣ ቆይ፣ በትክክል ልረዳህ። ሰው ሁሉ የሚሰማውን አትፈልግም። ማንም የማይሰማውን ትፈልጋለህ። እሱንም ቢሆን ቀን በብርሃን አታዳምጥም፤ ሲመሻሽ፣ መብራት አጥፍተህ፣ በጭርጭርታ መሐል ታዳምጣለህ።

ቢሻው፦ ቀንማ አይመጣም ጋሼ። ሞገዱ ሩቅ የሚሄደው ፀሐይ ስትገባ ነው። ወደ ሰማይ ይወጣና ነጥሮ ይመለሳል።

ልዑልቃል፦ ይነጥራል! ኳስ አደረገው! (ሆዱን ይዞ ይስቃል) አንተ ሰውዬ፣ እኔ ሱቅ መዳፍ የሚያክል ስልክ አለ። የዓለምን ሬዲዮ በሙሉ በኢንተርኔት ያመጣልሃል፤ ጥርት አድርጎ። ዛፍ አይፈልግ፣ ሽቦ አይፈልግ፣ ሰማይ አይፈልግ!

ቢሻው፦ እሱማ ማር ከሱቅ እንደመግዛት ነው። ዛፍ ላይ ወጥቶ እንደመቁረጥ አይሆንም።

ልዑልቃል፦ ዛፍ ላይ የወጣ ሰው ይነደፋል!

ቢሻው፦ ይነደፋል። ግን ማሩ ይጣፍጠዋል።

ልዑልቃል፦ ያ ሽቦ ደግሞ፣ ሰው ምን እንደሚል ሰምተሃል? «ቢሻው ንቦቹን በሽቦ አሰራቸው» ነው የሚባለው።

ቢሻው፦ ሰምቻለሁ። ከማንኪራ የመጣ አንድ ዘመዴማ ዛፉን አይቶ «አዲስ ዓይነት ቀፎ ነው? ለእኔም ስቀልልኝ» ብሎ ሁለት ቀን አስቸግሮኛል። «ሬዲዮ ነው» ስለው «ታዲያ ንቦቹ ዜና ምን ያደርግላቸዋል?» አለኝ።

ልዑልቃል፦ ካንተ ይሻላል እሱ!

(ልዑልቃል እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ሲያዩት ዘና ያለ ይመስላል፤ ውስጡ ግን እንደዚያ አይደለም። እዚህ የመጣው ወዶ ሳይሆን ተይዞ ነው። ቢሻው ትናንት ሱቁ ድረስ መጥቶ፣ ያውም ለዐረብኛ ትምህርት ሊመዘገቡ የቆሙ ሰዎች እየሰሙ «ጋሼ፣ አንድ የዐረብ ጣቢያ ይዣለሁና መጥተው ይተርጉሙልኝ» አለው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት እምቢ ይባላል? እውነቱን ለመናገር ልዑልቃል ዐረብ አገር የኖረው ሳሙና መጋዘን ውስጥ ነው። ሥራው ካርቶን መቁጠር ነበር፤ አብረውት የሚሠሩት ደግሞ ሁሉም ባንግላዴሾች ነበሩ። ከዐረብኛ የሚያውቀው ሰላምታና ቁጥር ነው። ቁጥሩን ግን አሳምሮ ያውቀዋል፤ በእንቅልፉም ይቆጥራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ዐረብኛ ሁሉ የራሱ ፈጠራ ነው። ቦንጋ ውስጥ እስካሁን የጠረጠረው የለም፤ አንድ ጊዜ እትዬ በዛወርቅ ልጃቸው ከዐረብ አገር የላከችላቸውን የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ «የፀጉር ቅባት ነው» ብሎ አንብቦላቸው አንድ ወር ሙሉ ተቀብተውታል። ፀጉራቸው ሲረግፍ እንኳ የጠረጠሩት ዕድሜያቸውን እንጂ ልዑልቃልን አልነበረም።)

ልዑልቃል፦ እና ይኼን ጣቢያ ሰማኸው እንበል። ሰምተህ ምን ታደርጋለህ?

ቢሻው፦ እጽፍላቸዋለሁ። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ይኼን ይኼን ስትሉ ቦንጋ ሆኜ ሰምቻችኋለሁ» እላቸዋለሁ። እውነት ከሆነ የማረጋገጫ ካርድ ይልኩልኛል። ውስጥ ግድግዳው ላይ ከመድኃኔ ዓለም ሥዕል ሥር ሰቅዬአቸዋለሁ፤ ላሳይዎት?

ልዑልቃል፦ ካርድ! ለካርድ ነው ይኼ ሁሉ?

ቢሻው፦ የዚህ ጣቢያ ካርድ ያለው ሰው በዚህ በኩል የለም ጋሼ። ከመስቀል ወዲህ ይኸው በየምሽቱ አዳምጣለሁ። ስማቸውን ግን ማወቅ አልቻልኩም። ያወራሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይስቃሉ፣ አንዱም አይገባኝም። የካርዱ ሕግ ደግሞ «ሰማሁ» ብቻ አይበቃም፤ ምን እንደሰማህ ጻፍ ነው የሚለው። እርስዎ ደግሞ ዐረብኛውን እንደ ውኃ ስለሚጠጡት...

ልዑልቃል፦ እሱስ ልክ ነህ። ግን ዛሬ ጉሮሮዬን ትንሽ...

ቢሻው፦ የሚያዳምጡት በጆሮዎ ነው እኮ ጋሼ።

(ሬዲዮው ሲንጫጫ ቆይቶ ድንገት ጭርጭርታው ይሳሳል። ከሥሩ የወንድ ድምፅ ብቅ ይላል፤ ይሰምጣል፤ ተመልሶ ይመጣል። ሰውየው በዐረብኛ ፈጠን ፈጠን እያለ ያወራል።)

ቢሻው፦ (በሹክሹክታ) መጣ! መጣ! እንኳን ደህና መጣህ የኔ ጌታ!

ልዑልቃል፦ ማንን ነው?

ቢሻው፦ ሞገዱን ነው። ምን አለ ጋሼ? ምን አለ?

ልዑልቃል፦ ቆይ እንጂ! ዐረብኛ እስኪያልቅ ይጠበቃል። መሐሉ ላይ ከተተረጎመ ይበላሻል።

(ይጠብቃሉ። ሰውየው ብዙ ያወራል። መጨረሻው ላይ ከት ብሎ ይስቃል።)

ቢሻው፦ ጨረሰ።

ልዑልቃል፦ «ሰላም ነው» አለ።

ቢሻው፦ ይኼን ሁሉ ተናግሮ?

ልዑልቃል፦ ዐረብኛ ሰፊ ቋንቋ ነው። እኛ ባንድ ቃል ዘጭ የምናደርገውን እነሱ ያሽሞነሙኑታል።

ቢሻው፦ ታዲያ ለምን ሳቀ?

ልዑልቃል፦ ሰላም ከሆነ ምን ያድርግ፣ ያልቅስ?

ቢሻው፦ እውነትዎን ነው። (ትንሽ ያዳምጣል) ጋሼ፣ አንድ ቃል ደግሞ አለች፤ በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ ይደጋግማታል። ይኸው! «ሰመክ» አለ፤ ሰሙት? አሁንም አለ፣ ሰመክ! ምን ማለት ነው?

(ሰመክ ማለት ዓሣ ነው። ጣቢያው ከቀይ ባሕር ማዶ ያለች የአንዲት ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ጣቢያ ነው፤ ሰውየውም ዛሬ የተያዘው ዓሣ ምን ያህል እንደሚመዝን እየተናገረ ነው። ልዑልቃል ግን የቆጠረው ሳሙና ነው። ዓሣ በካርቶን መጥቶለት አያውቅም።)

ልዑልቃል፦ ሰመክ... ሰመክ የሰው ስም ነው።

ቢሻው፦ እንዴ! ማናቸው?

ልዑልቃል፦ ከንቲባው ናቸዋ! ሬዲዮ በየቀኑ ስሙን የሚያነሳው ሌላ ማንን ነው?

ቢሻው፦ ልክ ነው፣ የእኛም እንደዚያው ነው። ለካ ከንቲባ ኖረዋል! እኔ ከመስቀል ወዲህ ሰመክ ሰመክ ሲባል ሰውየውን እንደ ዘመድ ለምጃቸዋለሁ።

(ሬዲዮው ውስጥ ያለው ሰው አሁን ቁጥር መጥራት ይጀምራል። ልዑልቃል ተኝቶ እንደቀሰቀሱት ሰው ብድግ ይላል። ገብቶታል! ከመጣ ጀምሮ የገባው የመጀመሪያው ነገር ነው።)

ልዑልቃል፦ አርባ! «አርባ» አለ! ሰማህ? ሰመክ፣ አርባ!

ቢሻው፦ ምኑ ነው አርባ?

ልዑልቃል፦ ምኑ? ዕድሜያቸው ነዋ።

ቢሻው፦ ጎልማሳ ናቸው። አሁንስ ምን አለ?

ልዑልቃል፦ «ሰመክ፣ ስድሳ» አለ።

ቢሻው፦ አሁን አርባ ነበሩ እኮ!

ልዑልቃል፦ ይኼኛው አባትየው ነው! ሰመክ ትልቁና ሰመክ ትንሹ። አታቋርጠኝ!

ቢሻው፦ የሃያ ዓመት ልዩነት ብቻ? አባትየው በልጅነታቸው ነው የወለዱት።

ልዑልቃል፦ በረሃ ነው፤ ሁሉ ነገር ቶሎ ይደርሳል።

ቢሻው፦ ደግሞ ሌላ ሰመክ አለ፤ ይኼስ ስንት ሆነ?

ልዑልቃል፦ (ላብ ጀምሮታል) ሦስት።

ቢሻው፦ የልጅ ልጃቸው! እሰይ! እነዚህ ቤተሰብ ናቸው የሚያስተዳድሩት ማለት ነው። እናታቸውስ? ስለ ሴቶቹ ለምን አያነሳም? የሦስት ዓመቱ ልጅ ምን አድርጎ ነው ሬዲዮ ላይ የቀረበው? ታሞ ነው?

(ልዑልቃል ቢሻውን ያየዋል። ይኼ ሰው ጥያቄ አያልቅበትም። ከንቲባው በሕይወት እስካሉ ድረስ ሚስታቸውን፣ ልጃቸውን፣ አማታቸውን ሲጠይቀው ሊመሽ ነው። በዚህ መሐል ሬዲዮው ንግግሩን ጨርሶ ረጋ ያለ የክራር መሳይ ሙዚቃ ይለቃል። ልዑልቃል መውጫውን አገኘ። ኮፍያውን ቀስ ብሎ ያወልቃል።)

ልዑልቃል፦ ቢሻው።

ቢሻው፦ አቤት ጋሼ።

ልዑልቃል፦ በርታ። ከንቲባ ሰመክ አርፈዋል።

ቢሻው፦ (ብድግ ይላል) ምን? የትኛው?

ልዑልቃል፦ የአርባ ዓመቱ።

ቢሻው፦ ኧረ በስመ አብ! መቼ?

ልዑልቃል፦ ዛሬ ጧት። ይኼ ሙዚቃ የሐዘን ነው፤ አይሰማህም?

ቢሻው፦ ሰውየው እኮ አሁን ሲስቅ ነበር!

ልዑልቃል፦ ያን ጊዜ ገና አልነገሩትም ነበር። መርዶ ነው፤ ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው። ለእሱም ሬዲዮ ላይ እያለ ነው ያረዱት። በል፣ እኔም ልሂድ፤ ሐዘን ባለበት ማውራት ደግ አይደለም።

(ልዑልቃል ሊነሳ ሲል ቢሻው ትከሻውን ይዞ ያስቀምጠዋል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ የምሩን ነው።)

ቢሻው፦ የት ይሄዳሉ? ዝም ብለን?

ልዑልቃል፦ ምን እናድርግ ታዲያ? ንፍሮ እንቀቅል?

ቢሻው፦ ለቅሶ መድረስ አለብን ጋሼ! ከመስቀል ወዲህ በየምሽቱ ቤቴ ሲገቡ የከረሙ ሰው ናቸው። ሞታቸውን ሰምቼ ዝም ብል ነገ በየትኛው ዓይኔ ነው ያንን ጣቢያ የምከፍተው? ያልሰማነው መርዶ ቢሆን ይሁን፤ በጆሯችን ሰምተን እንዴት «ነፍስ ይማር» ሳንል እናድራለን?

ልዑልቃል፦ «ነፍስ ይማር»። በቃ፣ አልን።

ቢሻው፦ ለእኛ ለራሳችን? ለቤተሰቡ ነው እንጂ የሚባለው!

ልዑልቃል፦ አንተ የማትረባ፣ ሰውየው ያሉት ከባሕር ማዶ ነው! ጋቢህን ደርበህ በእግርህ ልትሄድ ነው?

ቢሻው፦ ስልክ አለ እኮ።

ልዑልቃል፦ ስልክ አለ! ስማቸውን እንኳ የማታውቀውን ጣቢያ ስልክ ቁጥር ከየት ታመጣዋለህ? ከንቦችህ?

(ሙዚቃው ይቆማል። ሰውየው ተመልሶ ይመጣና አሁን ዘገም ብሎ፣ አንድ በአንድ፣ ረጅም ቁጥር ይናገራል። ልዑልቃል ይኼን ሲሰማ ራሱን መያዝ አልቻለም። መጋዘኑ ትዝ አለው፤ ካርቶኖቹ በሰልፍ መጡለት። ከመጣ ጀምሮ ሲዋሽ ለቆየ ሰው እውነት መናገር እንዴት ደስ እንደሚል! ቆሞ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ እያንዳንዱን ቁጥር ጮክ ብሎ በአማርኛ ይጠራል። ሰውየው ሲደግመው እሱም ይደግማል። አንዷም አልሳተችው። ቢሻው አንገቱን ደፍቶ ስልኩ ላይ ይጫናል።)

ልዑልቃል፦ ...ዘጠኝ! ስድስት! አለቀ። አየህ? ዐረብኛ ማለት ይኼ ነው! እንዲህ በፍጥነት የሚተረጉም ሰው ጅማ እንኳ አታገኝም።

ቢሻው፦ በጣም ነው የማመሰግንዎት ጋሼ። የእነሱ ስልክ ነው አይደል?

ልዑልቃል፦ የማን ሊሆን ነው ታዲያ?

ቢሻው፦ መዘገብኩት። ይኸው፣ ዋትሳፕ አላቸው!

(የልዑልቃል ደረት ይሟሽሻል።)

ቢሻው፦ ፎቷቸው መጣ! ኧረ ጋሼ፣ ስማቸው በእንግሊዝኛ ተጽፏል! አገኘሁት! ከመስቀል ወዲህ ስፈልገው የከረምኩት ስም! (ልዑልቃልን አቅፎ ይስመዋል) እግዜር ይስጥልኝ! እግዜር ይስጥልኝ!

ልዑልቃል፦ በል አገኘህ፣ ተገላገልን። አሁን አምፖሉን አብራልኝና ልሂድ።

ቢሻው፦ ከስሙ ጎን ግን ይኼ ሰው የሚያክል ዓሣ ምንድን ነው?

ልዑልቃል፦ ሟቹ ዓሣ ይወዱ ነበር።

ቢሻው፦ ምስኪን! (እየጻፈ) ለካርዱ እየጻፍኩ በለመድኳት እንግሊዝኛ ሁለት መስመር ልኬላቸዋለሁ። «ቢሻው እባላለሁ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከቦንጋ። አሁን እየሰማኋችሁ ነው። በሰመክ ሞት በጣም አዝኛለሁ።»

ልዑልቃል፦ ላክኸው?

ቢሻው፦ ላክሁት። «አጠገቤ ዐረብኛ በደንብ የሚችል ታላቅ ወንድሜ አለ፤ እሱ ቢያናግራችሁ ይመረጣል» ብዬም ጨምሬበታለሁ።

ልዑልቃል፦ ምን አልክ? ማን ጨምር አለህ? ሱቄን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት! ራሴንም እያመመኝ ነው!

(ሬዲዮው ውስጥ የሴት ድምፅ ይመጣል። ደስ ብሏታል፤ እየሳቀች ነው የምታወራው። በዐረብኛው መሐል አንድ ቃል ጥርት ብላ ትወጣለች፦ «ቦንጋ»።)

ቢሻው፦ ቦንጋ! ቦንጋ አለች! ጋሼ፣ ስማችንን ጠሩት! (ስልኩ ይጮኻል) ደወሉ! እነሱ ናቸው! በሬዲዮ ሊያስገቡን ነው! በሉ፣ ይያዙ!

ልዑልቃል፦ አልይዝም! አንተው ያዝ! ለቅሶው ያንተ ነው!

ቢሻው፦ ለቅሶ ላይ የሚናገረው የሚችል ሰው ነው ጋሼ። (ስልኩን ከፍቶ እጁ ላይ ያስቀምጥለታል) እኔ ልቅዳው። ምሥራቅ! ስልክሽን ቶሎ አቀብይኝ!

(የቢሻው ሚስት ምሥራቅ በመስኮት ስልኳን ታቀብለዋለች። ቢሻው ወደ ሬዲዮው አስጠግቶ መቅዳት ይጀምራል።)

ልዑልቃል፦ (ወደ ስልኩ) አ... አሰላሙ ዐለይኩም።

ሬዲዮው፦ (ትንሽ ቆይቶ፣ በልዑልቃል ድምፅ) አ... አሰላሙ ዐለይኩም።

ልዑልቃል፦ (ደንግጦ ወደ ኋላው ይዞራል) ማነው?

ቢሻው፦ እርስዎ ነዎት! ባሕሩን ተሻግረው መመለስዎ ነው! እንዴት ደስ ይላል!

(ሴትዮዋ ረጅም ጥያቄ ትጠይቃለች። ጠይቃም ትጠብቃለች።)

ቢሻው፦ ምን አለች?

ልዑልቃል፦ «ሰላም ነው» አለች።

ሬዲዮው፦ ሰላም ነው አለች።

ቢሻው፦ እየጠበቀችዎት ነው እኮ! ይንገሯት እንጂ! «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይበሏት፤ «ነፍሳቸውን በገነት ያኑር» ይበሏት።

(ልዑልቃል ያለውን ሁሉ አገላብጦ ይፈልጋል፤ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ዓይኑን ይጨፍንና፣ ድምፁን ሰበር አድርጎ፣ ራሱን እየወዘወዘ ይጀምራል።)

ልዑልቃል፦ ዋሒድ... ኢስኔን... ሰላሳ...

ሬዲዮው፦ (እያዘነ) ዋሒድ... ኢስኔን... ሰላሳ...

(አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለቱ ነው። ቢሻው አንገቱን ደፍቷል።)

ልዑልቃል፦ አርበዓ... ኸምሳ... (ሲቃ ይይዘዋል) ሲታ...

ቢሻው፦ አሜን። እንዴት ያለ የሚያምር ቃል ነው!

(ሬዲዮው ውስጥ ሴትዮዋ መጀመሪያ አፏን የሸፈነች ይመስላል፤ ከዚያ በሳቅ ፈነዳች። አጠገቧ ያለው ሰውዬም ይስቃል።)

ቢሻው፦ እንዴ! ለምን ይስቃሉ?

ልዑልቃል፦ እያለቀሱ ነው። የእነሱ ለቅሶ እንደዚህ ነው።

ሬዲዮው፦ እያለቀሱ ነው። የእነሱ ለቅሶ እንደዚህ ነው።

ቢሻው፦ ጋሼ፣ ጥያቄ እየጠየቀችዎት ነው። «ሰመክ» አለች! ስለ ሟቹ ነው! ይመልሱላት!

ልዑልቃል፦ ኔትወርክ የለም! መስመሩ ተቋረጠ!

ሬዲዮው፦ ኔትወርክ የለም! መስመሩ ተቋረጠ!

ቢሻው፦ ኧረ አልተቋረጠም! ይኸው እየተሰሙ ነው! ስለ ቤተሰባቸው ይጠይቁልኝ፤ ትንሹ ልጅ እንዴት ሆነ ይበሏት፤ አባትየው እንዴት ቻሉት ይበሏት፤ ይንገሯት እንጂ ጋሼ፣ ሐዘንተኛ ሴት እንዴት እንዲህ ትጠብቃለች!

ልዑልቃል፦ (ይጮኻል) ተወኝ! አልችልም! ዐረብኛ አልችልም አልኩህ!

(ፀሐይ ገብታለች። ሞገዱ የሚበረታበት ሰዓት ነው፤ ጭርጭርታው ድራሹ ጠፍቷል። ከመስቀል ወዲህ ያ ጣቢያ እንዲህ ጥርት ብሎ ቦንጋ ገብቶ አያውቅም።)

ሬዲዮው፦ ተወኝ! አልችልም! ዐረብኛ አልችልም አልኩህ!

(ልዑልቃል ስልኩን ይዘጋና ዱካው ላይ ዘጭ ይላል። በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ሰኞ የሚጠብቁት ተማሪዎች ፊት አንድ በአንድ ይመጣበታል። ሬዲዮው ዘፈን ለቆ የራሱን ሥራ ቀጥሏል። ቢሻው የምሥራቅ ስልክ ላይ አቀርቅሮ የቀዳውን ያያል።)

ልዑልቃል፦ (በቀስታ) ቢሻው... ጣቢያው ትንሽ ነው አይደል ያልከኝ? ማንም አይሰማውም ብለሃል።

ቢሻው፦ ኧረ ማንም አይሰማውም። ከኮረብታው ወዲያ እንኳ አይደርስም።

ልዑልቃል፦ (ይተነፍሳል) ተመስገን።

ቢሻው፦ ቅጂው ግን እንዴት አምሮ ወጣልኝ መሰለዎት! ለካርዱ አሁኑኑ ልልክላቸው ነው። ቴሌግራሜም ላይ እለጥፈዋለሁ፤ የያዝኩትን ጣቢያ ሁሉ እዚያ ነው የማስቀምጠው። የቦንጋ መምህራን በሙሉ ይከታተሉኛል፤ ከሌሎቹም ከተሞች፣ ከዋጫም ከደካም አሉ።

ልዑልቃል፦ (ብድግ ብሎ) አጥፋው! በእናትህ አጥፋው! ከፈለግህ ሌላውን ላክ! የከንቲባውን ላክ፣ ዘፈኑን ላክ፣ የቆጠርኩትን... የጸለይኩትን ላክ! ይቺን መጨረሻዋን ብቻ አጥፋልኝ!

ቢሻው፦ እንዴት አጠፋዋለሁ ጋሼ? ሕጉ «ሰምተህ የገባህን ጻፍ» ነው የሚለው። ይኼን ጣቢያ ከመስቀል ወዲህ ሳዳምጥ በደንብ የገባኝ ይቺ መጨረሻዋ ብቻ ነች።